የቀዩ እስክሪብቶ ባለቤት

ፖሊሶች የወሰዱኝ ከስፌት ማሽኔ ላይ አስነስተው ነው። የአንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ ወገቡ አልቆ ጠርዙ ቀርቶ ነበር። «ልጨርስላት?» አልኩ። ሱቄን ሲፈትሹ ከጨርቁ ሥር የሒሳብ ትምህርት ደብተሬን አገኙና እሱም አብሮኝ መኪናው ላይ ወጣ።

ያስገቡን ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ ግድግዳው ነቀዝ የበላው በቆሎ ይሸታል። ሰባት ሴቶች ነበርን። የደብረ ማርቆስ ብርድ ከሲሚንቶው እየተነሣ አጥንት ይገባል። እኔን ግን ያንቀጠቀጠኝ ደብተሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ሰሞን ሰው መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። እኛ አምስት ሴቶች ግን አንድ ወጣት መምህር ከተከራያት ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን እየገባን ለስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዘጋጃለን። በነጻ ነው የሚያስተምረን። እስከዚያ ድረስ ብቻዬን፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ነበር የተማርኩት። ደብተሬን የሚያርመው በቀይ እስክሪብቶ ነው። ስሙ ከአፌ ከወጣ በማግስቱ እሱም ይታሰራል።

ከጉንደ ወይን የመጡ አንዲት እናት መጨነቄን አይተው፣ «የኔ ልጅ፣ ሲጠሩሽ ውኃ ጠጥተሽ ሂጂ፤ የደረቀ አፍ ይለፈልፋል» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስጠራ ጠጥቼ ሄድኩ።

መርማሪው ደብተሩን ገልጦ ጠበቀኝ።

«ይሄ ቀዩ የማነው?»

«የኔ።»

«‹ምልክቷን አትርሺ!› ይላል። ራስሽን ነው አትርሺ የምትይው?»

«ታዲያ ብቻዬን ስማር ማን ይቆጣኝ፣ ወንድሜ?»

ከበር የቆመው ፖሊስ ሳቅ አመለጠው። መርማሪው ግን አልሳቀም። ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈና ገፋልኝ፦ ኔጋቲቭ ሦስት አራተኛ ሲካፈል ለኔጋቲቭ ዜሮ ነጥብ አምስት።

«አራሚዋ አንቺ ከሆንሽ ሥሪው።»

የኔ አመል የፊተኛውን ክፍልፋይ መገልበጥ ነው፤ መምህሩ ስንት ጊዜ ተቆጥቶኛል። ዜሮ ነጥብ አምስትን አንድ ሁለተኛ አደረግኩ። ቆም አልኩ። የኋለኛውን ገልብጬ አባዛሁ። ስድስት አራተኛ። አንድ ነጥብ አምስት።

«ኔጋቲቩስ የት ገባ?»

«ሁለቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ መልሱ ፖዘቲቭ ነው።»

«ሁለት ክፉ ተገናኝቶ ደግ ወለደ? ኔጋቲቭ አንድ ነጥብ አምስት ነው!» ብሎ ራሱ ጻፈበት።

ጨነቀኝ። ልክ ነዎት ብል ደስ ይለዋል፤ ግን አለማወቄ ይወጣና ቀዩ የኔ አለመሆኑ ይታወቃል። አይደለም ብል ምን እንደሚከተል እግዜር ነው የሚያውቀው።

«መልሰን እናባዛው» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «የኔ አንድ ነጥብ አምስት በኔጋቲቭ ዜሮ ነጥብ አምስት ሲባዛ ኔጋቲቭ ዜሮ ነጥብ ሰባት አምስት ነው። እሱም የሰጡኝ ኔጋቲቭ ሦስት አራተኛ ነው። በእርስዎ መልስ ካባዛነው ግን ፖዘቲቭ ይመጣል። እርስዎ ፖዘቲቭ አልሰጡኝም።»

ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሠራው። ደገመው። ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ሰማሁ።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስምንተኛ ልፈተን ነበር።»

«ደብተሩ እዚህ ይቀራል። ሂጂ።»

ተነሣሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሳላርም አልተውም» ብዬ እስክሪብቶውን አነሣሁና በመልሴ ላይ የልክ ምልክት አደረግኩ። የእሱን አልነካሁትም።

እኒያ እናት የክፍላችን በር ላይ ጠበቁኝ። «መቱሽ?»

«አይ፣ ፈተኑኝ።»

ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ተፈታሁ። ቤቴ ሳልደርስ በመምህሩ ሰፈር ዞርኩ። ሸሚዙ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ውኃው ይንጠባጠባል። አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ።

አሁን መምህሩ ወደ ደብረ ወርቅ ተዛውሯል። ባለፈው መናኸሪያ አግኝቶኝ፣ «እትዬ፣ ያን የመሰለ ደብተር ጥለሽ ወጣሽ አሉ! ጎበዝ ተማሪ ደብተር ትጥላለች?» ብሎ ተቆጣኝ። «ይቅርታ፣ መምህር» አልኩት። የተጠየቅሁትን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። እኔ በሲሚንቶው ላይ ስገላበጥ እሱ እንቅልፉን ተኝቶ ነበር። ያ ይበቃኛል።