የእትዬ ፋጦን ፍየሎች ያረጠብኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ ወደ አላማጣ ስጓዝ ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ሮቢት ላይ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሮቢት በዚያ ሰዓት ጃኬት ታስወልቃለች እንጂ አታስለብስም። ዘንድሮ ግን ብርዱ ቆላውንም አልማረም። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሰዎች ጋቢ ደርበው፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ተቀምጠዋል። በዚህ መሐል አንድ ሰውዬ የሕፃን ሹራብ ያለበሳትን የፍየል ግልገል እየነዳ መንገዱን ተሻገረ። እጅጌው ረዝሞባት በየእርምጃው ያደናቅፋታል። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ በስልኳ ፎቶ አነሳቻት። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ወርጄ የሰውየውን እጅ ብጨብጥ ደስ ባለኝ።

ከዚያው ከሮቢት በስተምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነው ሥራ የጀመርኩት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ተመደብኩ። የተወለድኩት ደላንታ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደላንታ ሣሩ ጨው እንደተነሰነሰበት ነጭ ሆኖ ያነጋል፤ ልጆች ሆነን እግራችንን የምናሞቀው በጎቹ ተኝተው በተነሡበት ቦታ ላይ ቆመን ነበር። ቆላ ስወርድ ሙቀቱ በሽታ ሆነብኝ። ቀትር ላይ መንገዱ ከሩቅ ውሃ የተኛበት ይመስላል፤ ጫማዬ ውስጥ እግሬ ይቀቀላል። የመንደሩ ሰው «ደገኛዋ ሐኪም» የሚል ስም አወጣልኝ።

በዚያ ሐሩር ያኖሩኝ እትዬ ፋጦ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸውን ዋጃ ድረዋል። ከሃያ ስድስት ፍየሎች ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። ፍየሎቹን በስም እየጠሩ ነው የሚያልቧቸው። መንደርተኛው ፍየል ሲገዛም፣ ሲታመምበትም እሳቸውን ሳይጠይቅ ምንም አያደርግም። ደጃቸው ሳልፍ፣ «ነይ እስኪ ደገኛዋ፣ ቀለጥሽ እኮ!» ይሉኛል። ከጥላ ሥር ካስቀመጡት ቅል ወተት ይቀዱልኛል፤ ከማሽላ ቂጣ ጋር እበላለሁ። የዚያ ወተት ጣዕም አሁንም ምላሴ ላይ አለ፤ የግራር ቅጠል ሽታ ነበረው።

በጥር ወር እከክ ገባ። ፍየሎቹ ግንድ ላይ እየታሸሹ ፀጉራቸው ተመለጠ። መድኃኒቱ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ገላቸው ላይ የሚረጭ ነው፤ መርጫው ፓምፕ ግን ለብዙ ቀበሌ አንድ ብቻ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አመድ መስሎ ዋለ። ከዞብል በኩል የሚነፍሰው ነፋስ የተከመረውን የማሽላ አገዳ ያንሿሿዋል። እኔ ደስ ብሎኛል። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን እንደ ልቤ የተነፈስኩበት ቀን የለም።

ሰዉ ፍየሉን እየነዳ እትዬ ፋጦ ደጅ ተሰበሰበ። ሁሉም እሳቸውን ያያል። እሳቸው ደግሞ ሰማዩን ያያሉ።

«ልጄ፣ ዛሬስ ይቅርብን» አሉኝ። «ይሄ ነፋስ ደግ ነፋስ አይደለም። ፍየል በዚህ ላይ ከረጠበች ማን ያደርቃታል?»

«እትዬ ፋጦ፣ ፓምፑ ነገ ወደ ጎብዬ ይሄዳል። ዛሬ ካልተረጩ ሁለት ወር አያገኙትም።»

«ሁለት ወር እያከካትም ቢሆን ትኖራለች።»

ያኔ ነው የሳቅኩት። «ይሄ ደግሞ ብርድ ነው እንዴ? እኔ እኮ የደላንታ ልጅ ነኝ! እኛ አገር በግ ውርጭ ላይ ተኝቶ ያድራል፤ ጠዋት ተነሥቶ ይዘላል።»

ሰዉም አብሮኝ ሳቀ። እትዬ ፋጦ ግን አልሳቁም። ትንሽ አዩኝ፤ እንቢ ቢሉኝ ያ ሁሉ ሰው ፍየሉን ይዞ እንደሚመለስ፣ እኔም በሰው ፊት እንደማፍር ያውቃሉ።

«እሺ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «ቢስሚላህ በይና ከእኔ ጀምሪ።»

ከእሳቸው ፍየሎች ጀመርኩ። ሆዳቸውን፣ ብብታቸውን፣ የጆሯቸውን ውስጥ፣ ውሃው እስኪንጠባጠብ ድረስ ረጨኋቸው። የመጨረሻዋን ስጨርስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፤ ካፊያ ጀመረ። የቀሩት ሰዎች «እንግዲህ ሌላ ጊዜ» እያሉ ፍየላቸውን ደረቃቸውን ይዘው ሄዱ። የረጠቡት የእትዬ ፋጦ ብቻ ሆኑ። ያኔ እንኳ ቤት ያስገቧቸው፣ እሳት ያንድዱላቸው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ወደ ሮቢት የሚሄድ መኪና እንዳያመልጠኝ ፓምፑን ተሸክሜ ሮጥኩ።

ያን ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እንደ አገሬ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ጠዋት በጭቃው ስሄድ ደመናው ተራራውን እስከ ወገቡ ሸፍኖታል። እትዬ ፋጦ ደጅ ስደርስ የጭስና የእርጥብ ፀጉር ሽታ ተቀበለኝ። ከጉረኖው አጥር ሥር ማዳበሪያ ከረጢት የለበሱ ነገሮች ተደርድረዋል። አሥራ አራት ነበሩ። ግልገሎቹ አንድም አልተረፉ። ቤታቸው የቻለውን ያህል አስገብተው፣ ለመኖ ያስቀመጡትን አገዳ ሁሉ አንድደዋል፤ የራሳቸውን ብርድ ልብስ አንዲት ክብድ ፍየል ላይ ጥለው እሳቸው በነጠላ ብቻ እግሯን ያሻሉ። እጃቸው ጥላሸት ሆኗል። ተንበርክኬ ጆሮዋን ነካሁት፤ እንደ ብረት ቀዝቅዟል። እጄ ላይ እያለች አለፈች።

የተማርኩትን ያኔ ነው ያስታወስኩት። የቆላ ፍየል ፀጉሯ አጭር፣ ቆዳዋ ስስ፣ ጆሮዋ ሰፊ ነው፤ ጎኗ ስብ አይዝም። ገላዋ የተሠራው ሙቀት እንዲያስወጣ እንጂ እንዲያቆይ አይደለም። በዚያ ላይ የበጋ ርሃብ አለ። የደላንታ በግ ጋቢውን ይዞ ነው የሚወለደው። ይህን ለፈተና ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ።

ጎረቤታቸው አያ ይመር በሰዉ ፊት ጠየቀኝ። «ሐኪሟ፣ የገደላቸው መድኃኒቱ ነው ወይስ ብርዱ?»

«ብርዱ ነው» አልኩ። «የእናንተም እኮ ሞቶባችኋል።»

ውሸት አልነበረም። በየቤቱ አንድ ሁለት ግልገል ሞቷል። ነገር ግን ደረቁን ያደረው ትልልቁ ፍየል ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ይህን እኔም አይቻለሁ፣ አያ ይመርም አይቷል። ሌላ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት እትዬ ፋጦ ከውስጥ ሆነው፣ «ተዋት፣ ይመር። አላህ ያለው ነው። ልጅቷ ምን ታድርግ?» አሉት።

በእሳቸው ቃል ተከለልኩ። ለመሥሪያ ቤቴም «በድንገተኛ ብርድ» ብዬ ጻፍኩ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምናልባት እረሳው ነበር። በዓመቱ ከአላማጣ በኩል የፍየል ወረርሽኝ እየመጣ ነው ተባለና ክትባት ይዤ ወጣሁ። መርፌ ነው፤ ከውሃም ከነፋስም አይገናኝም። ከዚያ መንደር ግን አንድም ሰው ፍየሉን አላመጣም። እትዬ ፋጦ እሺ ካሉ ሁሉም እንደሚከተል ስለማውቅ ቤታቸው ሄድኩ። የተረፉትን አሥራ አንድ አርብተው አሥራ ስምንት አድርሰዋቸው ነበር። እንደ ዱሮው ወተት ቀዱልኝ።

«ልጄ፣ አንቺን አልጠላሁሽም» አሉኝ። «መድኃኒትሽን ግን ፈራሁት። ለሌላው ስጪ፤ የእኔን ተይልኝ።»

የሚጠበቅብኝ አንድ ነገር ነበር። መድኃኒቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ፤ ይቅርብን እያሉኝ ፍየሎቹን በብርድ ያረጠብኩ እኔ ነኝ ማለት። ይህን ብነግራቸው ኖሮ የሚያምኑኝ ይመስለኛል፤ ነፋሱን ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ቃሉን ከወተቱ ጋር ዋጥኩት። «ክትባት እኮ ጥሩ ነው» አልኳቸው፣ ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ ጽሑፍ። ፈገግ ብለው ቅሉን ተቀበሉኝ።

በሽታው ወር ሳይሞላ ደረሰ። አፍንጫቸው ፈሰሰ፣ አፋቸው ቆሰለ፣ ተቅማጥ ጣላቸው። የመንደሩ ፍየል ግማሹ አለቀ፤ የእትዬ ፋጦ ጉረኖ ባዶ ቀረ። ልጃቸው ከዋጃ መጥታ ወሰደቻቸው። ከአንድ ጥቅል ዕቃ ጋር አይሱዙ ላይ ሲወጡ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ነበር። አዩኝ። «ደገኛዋ! ደህና ሁኚ ልጄ!» ብለው ተጣሩ። እጄን አውለበለብኩ እንጂ አልተጠጋሁም።

በኋላ ወልድያ ተዛወርኩ። ዋጃ ሄጄ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ቆቦ ገበያ አያ ይመርን አግኝቼ ስለእሳቸው ስጠይቀው፣ «አልሰማሽም? ካረፉ ቆዩ እኮ» አለኝ።

አሁን ጡረታ ልወጣ ነው። አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ሥልጠና እሰጣለሁ። ፀሐይ ሳያደርቃት የሚመሽባትን ፍየል አታርጥቡ፣ ስለ ነፋሱ መጀመሪያ ባለቤቷን ጠይቁ፣ ካጠፋችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ እላቸዋለሁ። ይህንንም ታሪክ አወራላቸዋለሁ፤ «አንዲት ባለሙያ ነበረች» ብዬ ነው የምጀምረው። ሁልጊዜ አንዱ እጁን ያወጣና፣ «ባለሙያዋ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ይለኛል።

«ተዛወረች» እላለሁ። ይስቃሉ።

ባለሙያዋ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ይህን መጻፍ አልከበደኝም፤ የሚያነበው ሰው አያውቀኝም። መናገር የነበረብኝ ግን ለአንዲት ሴት ነበር፣ እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ ወተታቸውን ይዤ ፊታቸው ተቀምጬ ሳለ።