ቦራ የምታውቀው እጅ

ዛሬ ታላቅ እህቴ እናኑ ከገጠር መጥታ፣ በወይራ የታጠነውን የወተት ቅል ስትከፍተው፣ ሽታው ከወረታው ቤቴ አንስቶ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከእናታችን በረት ጣለኝ።

ቦራ የምንላት ላማችን ከእናኑ በቀር ለማንም አትታለብም ነበር። እናኑ ገና «ነይ እናቴ» ስትላት ወተቷ ይወርዳል፤ እኔ ስቀርብ ትይዘዋለች። ቅናት አንገበገበኝ። አንድ ማለዳ የእናኑን ቀሚስ ለብሼ፣ ድምጿን አስመስዬ ከሥሯ ቁጭ አልኩ። ቦራ ዞራ አሸተተችኝና ጸጥ ብላ ቆመችልኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ጡቷን ስይዘው ግን በእግሯ ስትለኝ ማለቢያው ተንከባለለ።

እናቴ ጥጃውን ይዛ ታየኝ ኖሯል።

«በቀሚሱስ ተታልላልሽ ነበር» አለች ሳቋን እየዋጠች። «እጅሽን ግን ታውቀዋለች። ስትቀኚ አጥብቆ ይይዛል።»

«እኔ አልቀናሁም!»

«አንቺማ በምን ታውቂው? የምትጨብጪው እሷን ነው።»

ላም እኔን ከራሴ ይበልጥ ማወቋ አልተዋጠልኝም። ከዚያ ወዲያ ቦራን አልቀረብኳትም።

ዛሬ ቤቴ እናኑ ወተቱን ስትቀዳ፣ እኔ ልጄን ሹሩባ እየሠራኋት ነበር።

«አክስቴ ስትሠራኝ እኮ አያመኝም» አለች ልጄ። «ዛሬ እሷ ትሥራኝ።»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አልኳት።

«ኧረ እማዬ፣ ጸጉሬን!»

እናኑ ከቅሉ ቀና ብላ እጄን አየችው። እኔም አየሁት።