ባለ አንድ ዓይኗ ልዕልት

በርዳታ ከመጡልን መጻሕፍት አንዱ የስዊድን ተረት ነበር። ቋንቋውን ማን ያውቀዋል? እኔ ያየሁት ሥዕሉን ነው። ሠዓሊው ሌላ ጨዋታ የለውም፤ በገለጥኩ ቁጥር ያው ጨለማ ጫካ፣ ያው አፍንጫው ዱባ የሚያህል ጸጉራም ጭራቅ፣ ከመሀል ደግሞ እንደ ጧፍ የምታበራ ሚጢጢ ልዕልት። ወደድኩት። ፍኖተ ሰላም በማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ እሱን ስሥል ከረምኩ።

ትምህርት ሊከፈት ሲል የወላጅ ኮሚቴ መጣና "ልጆቻችን ጭራቅ ሥር አይቀመጡም" አለ። ርዕሰ መምህሩም ሥዕሉን ሊያስጠፋ ኖራ አስበጠበጠ። ደሜ ፈላ። የቀሩኝ አንድ ሰው ነበሩ፤ አባቴ። በገበዝ ማርያም በኩል ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ የኖሩ ናቸው፤ እሳቸው ካሉ አገር ይሰማል። ችግሩ፣ የኔን ሥዕል አይተው አንድ ቀን አመስግነውኝ አያውቁም።

ኮሚቴው በተሰበሰበበት መጡ። መነጽራቸውን አደረጉና ከጭራቆቹ ፊት ቆሙ።

"እነዚህ ባሕታውያን ከየትኛው ገዳም ናቸው?" አሉኝ።

ክው አልኩ።

"ጸጉር ለብሰው፣ ጫካ ገብተው፣ ዓይናቸው ሁለት። ደግ ነው። ይችስ ልጅ ምን በድላ ነው?"

በኛ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሣል። ስዊድናዊው ይኸን ከየት ይወቅ? ጭራቆቹን ፊት ለፊት፣ ልዕልቲቱን በጎን ሥሏል። እኔ የሠዓሊ ልጅ ተብዬዋ ደግሞ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። እውነቱን ልናገር ስል ኖራው ታየኝ፤ አፌን ዘጋሁ። ኮሚቴው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ኖራውም ወደመጣበት ተመለሰ።

ትምህርት ሲከፈት ጉድ ፈላ። እናቶች ጭራቁን እየተሳለሙ ገቡ። ልጆቹ እሱ ሥር ለመቀመጥ ተጋፉ። ያለቀሰ ሁሉ "ዝም በል፣ ያች ትመጣብሃለች" ይባላል፣ ወደ ልዕልቲቱ እየተጠቆመ። በሷ በኩል ያለው ወንበር ጦሙን አደረ። አንጀቴን በላችው። እኔ ነኝ እዚህ ያመጣኋት፤ ጸጉሯን ብቻ ስንቴ ነው የለፋሁበት!

አንድ ቅዳሜ ብሩሼን አነሳሁና ፊቷን ወደኛ አዞርኩት፤ ሁለተኛ ዓይን ሠራሁላት። ቀለሙ ሳይደርቅ አባቴ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ አሉ። አዩዋት፣ ቀረብ ብለው ደግሞ አዩዋት።

"ንስሓ አስገባሻት፤ እጅሽ ይባረክ" አሉኝ።

ዓይኔ እንባ ሞላ። እሳቸው ግን ወደ ጭራቁ ዞረው፣ ጉልበቱን ተሳልመው ወጡ።