ሰማን ለብቻው የጫነው ጀልባ

ሰማን አማን ከተማ ውስጥ ብረት በያጅ ነው። በርና መስኮት፣ የባጃጅ ወንበር፣ የቡና መፈልፈያ እግር፣ የተሰበረ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ሥራ ነበረው። ከሸዋ ቤንች አለፍ ብሎ ያለው ወንዝ የእንጨት ድልድዩን በወሰደ ቁጥር፣ ማዶ ላሉት ቡና አምራቾች መድኃኒትና ጨው የሚያደርሱት እሱና ታላቅ ወንድሙ ካሊድ ነበሩ። የሚሻገሩበት ጠባብና ረጅም የፕላስቲክ ጀልባ፣ ወንዙን ሊያጠኑ የመጡ ሰዎች ሲሄዱ የተዉላቸው ካያክ ነው።

ጀልባውን አሮጌው ላንድሮቨራቸው ጣሪያ ላይ ለማውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ካሊድ ከፊት፣ ሰማን ከኋላ ይይዛሉ። ካሊድ «ቢስሚላህ!» ሲል እኩል ያነሳሉ። አባታቸው ከጅማ አምጥቷቸው እዚህ ከሞተ ወዲህ፣ በዚያ ቤት ከባድ ነገር የሚነሳው እንዲህ ነበር።

ባለፈው ዓመት ካሊድ ለሱብሂ ሶላት ሊነሳ ሲል ወደቀ። ደም ግፊት ነው ተባለ። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ ምላሱም ተሳስሮ ነበር። ሚስቱ በሕይወት ስለሌለች ሰማን ቤቱ ወሰደው። ያጥበዋል፣ ያጎርሰዋል፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ያስቀምጠዋል።

ዝናቡ መጣና ከማዶ ተደወለ፤ አንድ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱ አልቆበታል። ሰማን ጀልባውን ብቻውን ሊያነሳ ሲታገል ሾልኮት የመኪናውን ስፖኪዮ ሰበረው። ጎረቤት ለምኖ ጫነ። መድኃኒቱን አድርሶ ወንዙ ዳር ሲመለስ ግን ጀልባውን የሚያነሳለት ሰው አጥቶ ዝናብ ሲወርድበት ዋለ።

ከዚያ በኋላ ነው የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላውን የሠራው። ቱቦላሬ ብረት ቆርጦ ጣሪያው ላይ በየደ፤ ከኋላ በኩል የሚሽከረከር ቧንቧ ገጠመና ጀልባውን እንዳይቧጭረው በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ጠቀለለው። አሁን የጀልባውን አፍንጫ ቧንቧው ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ዞሮ ጭራውን አንስቶ መግፋት ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እየኝማ!» አለ።

ጀልባው ተንሸራቶ ወጣ። ሰማን እየሳቀ ወደ በረንዳው ዞረ። ካሊድ ደህናውን እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር።

«ያለ... እኔም... ይጫናል» አለ ካሊድ።

የሰማን ሳቅ አፉ ላይ ቀረ።

በሌላ ቀን ሲጭን ከጀልባው አፍንጫ ገመድ አሰረና ጫፉን ለካሊድ በግራ እጁ አስያዘው። «ጋሼ፣ አጥብቀህ ያዝልኝ፤ ከለቀቅከው ተመልሶ ይወርድብኛል።» ካሊድ ጥርሱን ነክሶ ያዘ። ደስ ያለው መሰለ። ለሳምንታት እንዲያ ጫኑ።

አንድ ጠዋት ግን ሰማን ገና እየገፋ ሳለ ካሊድ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈታቸው። ገመዱ ጭቃው ላይ ወደቀ። ጀልባው ንቅንቅ አላለም።

«ልጅ... ነኝ?» አለ ካሊድ።

ሰማን ጀልባውን ትቶ መጣና እግሩ ሥር ተቀምጦ ጉልበቱን ያዘ። «አፉ በለኝ፣ ጋሼ። አንተ የሌለህበት ሥራ ሥራ አልመስል ቢለኝ ነው።»

ካሊድ የሰማንን ራስ በግራ እጁ ዳሰሰ፤ ግን ገመዱን ዳግመኛ አልያዘም። በዚያው ሰሞን ጅማ ያለችው ልጁ መርዋ ልትጠይቀው ስትመጣ «ውሰጅኝ» አላት። ሰማን ቢለምነውም እሺ አላለም። ሲሸኘው መኪናው ውስጥ ያስገባው ብቻውን አቅፎ ነው፤ ያ ግዙፍ ሰው ቀልሎ ነበር።

ካሊድ ጅማ ብዙም አልቆየም። መርዋ በማለዳ ደውላ ስታረዳው ሰማን እንደቆመ ወደ ጅማ መንገድ ጀመረ። ቦንጋ ሳይደርስ መንገዱን ናዳ ዘግቶት ከሰዓታት በኋላ ተከፈተ። ሲደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ተበትኗል።

«አጎቴ፣ ከሰዓት በኋላ እስከ ዐስር ሶላት ጠበቅንህ» አለችው መርዋ። «ከዚያ በላይ ማቆየት አልቻልንም።»

ቃሬዛውን የተሸከመው ሌላ ሰው ነው። አንዲት እፍኝ አፈር እንኳ አላለበሰውም።

ከተመለሰ በኋላ ከማዶ ተደወለ፤ ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ አዋላጇ ትሻገር ተባለ። ሰማን አዋላጇን ከጤና ጣቢያ ወሰዳት። ወንዙ ዳር አውርዶ አሻገራት፤ ሕፃኑም በሰላም ተወለደ። ሲመለስ ዳር ቆመው የነበሩ ሰዎች ጀልባውን ሊያነሱለት ጠጋ አሉ።

«ተዉት፣ አያስቸግርም» አላቸው።

እውነትም አላስቸገረውም። ጭኖ፣ አስሮ መኪናው ውስጥ ገባ። ቁልፉን ግን ማዞር አቃተው። ሰዎቹ ዝናብ በሚወርድበት መስተዋት በኩል መሪው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አይተው ራቅ አሉለት።