ድምፅ የማይቆርጡት ጋሽ ላሊሶ

በሶዶ ከተማ ሞንታርቦ በማከራየትና በመጠገን የምናውቃቸው ጋሽ ላሊሶ ዳልኬ ሕመም ጸንቶባቸው ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። አፈሩ ይቅለላቸው። የቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ድምፁ ለምን እንደተቋረጠ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ግን እሳቸው ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ፤ የተነበበው ታሪክ አልነገራችሁምና።

ጋሽ ላሊሶ የሮክ ሰው ነበሩ። ደንበኛው ሁሉ የሠርግ ዘፈን ሲጠይቃቸው እሳቸው ጊታር የሚጮህበትን ካሴት ከፍተው ሽቦ ይበይዱ ነበር። በልጅነታቸው በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የያዛቸው ፍቅር እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። «በሮክ ላይ መሽኮርመም የለም፤ የከፋው ሰው ከፍቶኛል ይላል» ይሉ ነበር። ካሴት ብቻ ግን አይበቃቸውም። ሻንቶ ከተማም ይሁን ቢጠና፣ ጊታር የያዘ ወጣት አለ ከተባለ ሱቃቸውን ዘግተው ሚኒባስ ላይ ናቸው።

እኛን ያገኙን ቦዲቲ ነው። ከመዘምራን የወጣን አራት ልጆች የበቆሎ መጋዘን ውስጥ እንለማመድ ነበር። የእኔ ከበሮ የዘይት በርሜል ሲሆን ከጊታረኛው ከማርቆስ ክሮች አንዱ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ባለመጋዘኑ ሊያባርረን የመጣ መስሎን ጸጥ አልን። የገቡት ጋሽ ላሊሶ ነበሩ፤ በመንገዱ ሲያልፉ ሰምተውን ከመኪና ወርደው ነው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ጮኽንብዎት እንዴ?» አለ ማርቆስ።

«የታል የጮኻችሁት? ችግሩ እሱ እኮ ነው! ነገ ማጉያ ይዤላችሁ እመጣለሁ።»

በማግስቱ ማጉያውን በባጃጅ ጭነው መጡ። እውነተኛ የጊታር ክርም አመጡ። ማርቆስ መጀመሪያ ጊታሩን ሲያስጮህ በወላይትኛ «ሎኦ! ሎኦ!» እያሉ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ጥሩ ነው ያለን የመጀመሪያው ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው።

በኋላም ሶዶ ላይ አዳራሽ ለምነው ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስፈቀዱልን። አዳራሹ ሞላ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማርቆስ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጫወት ድምፁ ድንገት ሞተ። አንድ ካድሬ ቆጣሪው ጋ ቆመዋል። «ይህ የብሔረሰቡን ባህል የሚበርዝ የባዕድ ጩኸት ነው! በግምገማ ይታያል!» አሉ። የዘፈንነው በወላይትኛ ነበር። ሕዝቡ ወጣ፤ ማርቆስም ከዚያ ቀን በኋላ ጊታር አልነካም። ስንት ጊዜ ለመንኩት! «ጣቴ እንቢ አለኝ» ነው የሚለኝ። የኚህን ሰው ስም አልጽፍም። ስማቸው ሲጠራ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ ከእኔ ብዕር አያገኙትም።

ብዙም ሳይቆይ እኚሁ ሰው ለስብሰባቸው ሞንታርቦ ሊከራዩ ወደ ሱቁ መጡ። ያን ጊዜ ጋሽ ላሊሶ ጋ ሥራ ጀምሬ ነበር። ጋሼ ሰጧቸው! እኔ ስብሰባው መሃል ላይ ገመዱን እንድነቅለው ብለምናቸው ተቆጡኝ።

«በእኔ ሞንታርቦ የማንም ድምፅ አይቆረጥም። የጠላትም ቢሆን ይናገር፤ ሰሚ ይፍረደው።»

ይህ ደንባቸው ነበር። ለደሃ ለቅሶ በነፃ ሲሰጡም፣ ሰካራም ሚዜ ማይክ አልለቅም ሲልም ከደንባቸው ፈቀቅ አላሉም። እኔም እስካለፈው ሳምንት ድረስ አክብሬው ኖሬያለሁ።

የቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩን ላንብብ ብለው የተነሡት እኚያው ሰው ናቸው። ዛሬ ጡረተኛ ሽማግሌ ሆነዋል፤ ሰው ያከብራቸዋል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። እኔ ከማጉያው አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ማርቆስም ከሕዝቡ መካከል አቀርቅሮ ተቀምጧል። «ሟች በንግድ ሥራ የተሰማሩ፣ ታታሪ ሰው ነበሩ» አሉ። ስለ ሮክ አንድም ቃል የለም። ቀጠሉና፣ «ዘመናዊ ሙዚቃ በዞናችን እንዲያብብ እኔና ሟች ትከሻ ለትከሻ ሆነን…»

ማርቆስ ቀና አለ። ገመዱን ነቀልኩት።

ሰውዬው ማይኩን መታ መታ አደረጉ። «ሃሎ? ሃሎ?» አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን አይሰማም። እውነቱን ልናገር፦ ደስ አለኝ። ለዓመታት የጠበቅሁት ደስታ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«መብራት ጠፋ እንዴ?» አሉ የዕድሩ ዳኛ።

«ኧረ መብራቱስ አለ» አልኩ።

ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ ወደ እኔ ዞሩ። ገብቷቸዋል። «ልጄ፣ ጋሽህ ቢኖሩ ይከፍቱላቸው ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ጋሼ የሉማ፣ እትዬ።»

ሰውዬው ወረቀታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ማርቆስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ገመዱን ከእጄ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው እሱ ያዘው።

ጋሼ፣ ደንብዎን ሰብሬያለሁ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ስንገናኝ ይቆጡኝ፣ ቁጣዎም ናፍቆኛል። እርስዎ ይቅር አሉ፤ የእርስዎ ልብ ሰፊ ነበር። የእኔ ግን የማርቆስን ጣቶች ባየሁ ቁጥር ይጠብባል። ሞንታርቦዎን ጠርጌ አስቀምጬዋለሁ። ለደሃ ለቅሶ በነፃ ይወጣል፣ መጋዘን ውስጥ ለሚጮኹ ልጆችም በባጃጅ ይሄድላቸዋል። የማንም ድምፅ አይቆረጥበትም፤ ከአንድ ሰው በቀር። በሰላም ይረፉ።