በኩሽና ሚዛን የለካሁት ክሬም

ቅዳሜ ቅዳሜ ክሬም እቀላቅል ነበር። ታላቅ እህቴ ፊት የሚያቀላ ክሬም በቴሌግራም ትሸጣለች፤ እኔ ደግሞ ቦሌ ቡልቡላ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ፣ ጓንት አጥልቄ፣ በኩሽናው ሚዛን እለካላታለሁ። ከትልቁ የሎሽን ጠርሙስ ይህን ያህል፣ ከቀዩ ቱቦ ይህን ያህል፣ ከነጩ ቱቦ ከዚያ ያነሰ። ነጩ ቱቦ ላይ ያለው ጽሑፍ በማናውቀው ቋንቋ ነው፤ ሁለታችንም ማንበብ አንችልም። እህቴ ከአንድ ነጋዴ በካርቶን ነው የምታመጣው።

የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ብዙ ፈልጌ ያገኘሁት ሥራ ግን ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መመዝገብና ፋይል ማደራጀት ነበር። ስለዚህ አልዋሽም፣ ቅዳሜን እወደው ነበር። ከሳምንቱ ውስጥ የተማርኩትን የሚመስል ነገር የምሠራበት ቀን ያ ብቻ ነው። ከእኔ በፊት እህቴ በማንኪያ፣ በዓይኗ እየገመተች ነበር የምትቀላቅለው፤ አንዳንዴ አንዷ ደንበኛ ተቃጠልኩ ብላ ትደውላለች። እኔ መለካት ከጀመርኩ ወዲህ ስሞታው ቀነሰ። እህቴም ቻናሏ ላይ «በኬሚስት የተመጠነ» ብላ ጻፈች።

«እታለም፣ እሱን አጥፊው» አልኳት።

«ውሸት ነው? አልተማርሽም?»

«ተምሬአለሁ፣ ግን...»

«በቃ። ለአራት ዓመት ያስተማርንሽ ፋይል እንድትሸከሚ አይደለም።»

እኔ ሰው ፊት መከራከር አልችልም፤ እህቴ ፊት እንኳ። ጽሑፉም እዚያው ቀረ።

ክሬሙን ራሴም ተቀባሁት። ጠይም ነኝ። እህቴ እናታችንን ወጥታ ቀይ ናት። በመልኬ ማንም ሰድቦኝ አያውቅም፤ ብቻ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እሷን አይቶ «እንዴት ታምራለች» ይልና ወደ እኔ ዞሮ «ይቺ ደግሞ አባቷን» ይላል። መቀባት በጀመርኩ በሦስተኛው ወር አጠገቤ የምትቀመጠው የቢሮ ባልደረባዬ አየት አድርጋኝ «ቀላሽ እኮ አንቺ፣ ምን ተገኘ?» አለችኝ። አፌን በእጄ ሸፍኜ ሳቅሁ። ቀኑን ሙሉ መስታወት ባየሁ ቁጥር ያቺ ቃል ትመጣብኝ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ። ከታክሲ ወርጄ እስከ ብሎካችን ያለችው የአሥር ደቂቃ መንገድ ፊቴን እንደ በርበሬ ታቃጥለው ጀመር። ጉንጬ ቀላ፤ ይህ ግን ሰው የሚያደንቀው ቅላት አይደለም። ቀጫጭን የደም ስሮች ከቆዳው ሥር ይታያሉ። ክሬሙን ሁለት ቀን ስተወው ስለሚብስብኝ መልሼ እቀባዋለሁ። ከዚያ ከግራ ዓይኔ ሥር ምስር የምታክል ቁስል ወጣች። ቅርፊት ትሠራለች፣ ትረግፋለች፣ ትደማለች፣ እንደገና ቅርፊት ትሠራለች። በፓውደር እየሸፈንኳት ሁለት ወር ቆየሁ።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ስናገር ስለምደናገር ፊቴ ላይ የማደርገውን ሁሉ በወረቀት ጽፌ፣ ከነመጠኑ ይዤ ነበር። ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን እስከ ታች አነበቡት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ። ብዙዎቹ ምንም አልቀባም ነው የሚሉኝ።» ወረቀቱን አስቀመጡት። «ነጩ ቱቦ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ግን መዝነሽዋል።»

«አዎ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ከፀሐይ የሚጠብቀን የቆዳችን ቀለም እንደሆነ፣ ክሬሙ ያንን እንደሚገፍ፣ እንዲህ ያሉት ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ደግሞ ቆዳውን እንደሚያሳሳ አስረዱኝ። «እኛ ደግሞ ያለነው ደጋ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ይበረታል። ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም ሲሉ ትሰሚ ይሆናል። እኛን ብዙ አያገኘንም እንጂ ያገኘናል፤ እንዲህ ቆዳውን ለዓመታት የገፈፈ ሰው ደግሞ በሩን ራሱ ከፈተለት ማለት ነው። ይቺን ቁስል ግን በዓይን አይቼ አልፈርድም።» ትንሽ ናሙና ወሰዱ፤ ውጤቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይና ውሰጂ አሉኝ።

ልወጣ ስል ጠየቁኝ። «ይህን ቅባት ሌላ ሰው ይቀባዋል?»

«አላውቅም» አልኩ።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት ያደከመኝ የራሴ ቁስል ብቻ አልነበረም። በየቅዳሜው የምሞላቸው የክሬም እቃዎች የሚሄዱላቸው ሴቶችም ነበሩ። አብዛኞቹን አላውቃቸውም፤ እነሱ ግን እኔን አምነው ነው የሚቀቡት።

ለእህቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ፀሐይ ነው የመታሽ» አለች። «ጃንጥላ ያዢ አላልኩሽም?»

«ለደንበኞችሽ ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? እህቴ የለካችው ክሬም እህቴን በላት ብዬ?» ቢላዋውን አስቀመጠች። እሷም ደክሟታል፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ቆዳው ጠቁሯል፣ ከቀረው የእጇ ቀለም ጋር አይሄድም። «የምንኖርበት ቤት በምን እንደሚቆም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ አልቀላቅልም።»

«ተዪዋ። እኔ በማንኪያዬ እቀላቅላለሁ።»

ብለካ በእኔ ስም ይቀባሉ፤ ባልለካ ደግሞ የባሰውን ይቀባሉ። ወደ መኝታ ክፍሌ ገብቼ ጋደም አልኩ።

ውጤቱ መጣ። ካንሰር አይደለም። ሐኪሟ ግን ክሬሙን እርሳቸው በሚሉኝ መንገድ ቀስ በቀስ እንዳቆም፣ ሰንስክሪን የሚባለውን የፀሐይ መከላከያ ሳልቀባ ከቤት እንዳልወጣ፣ በየጥቂት ወሩም እየመጣሁ ቆዳዬን እንዳሳይ አሳሰቡኝ። ቤት ስገባ እህቴ አቀፈችኝ፣ አለቀሰችም። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና «ይኸው፣ አላልኩሽም? ፀሐይ ነው» አለች። በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ጠዋት በማንኪያዋ ቀላቅላ፣ እቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ወጣች። «የታችኛዋ ልጅ ትመጣለች፤ አንዱን ስጫት» አለችኝ።

የታችኛዋ ልጅ ሁለተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ ቦሌ ሚካኤል ሱቅ አላቸው። እሷ የኮሌጅ ተማሪ ናት። በሩን ስከፍትላት ፊቴን ምንም አልሸፈንኩትም ነበር።

«ውይ፣ ምን ሆነሽ ነው? አለርጂ ነው?»

«ይሄ ነው» አልኳት፣ ወደ እቃዎቹ እያሳየሁ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትቀላቅይው?»

«እስከ ቅርብ ጊዜ እኔ ነበርኩ።»

«በኬሚስት የተመጠነ ይላል እኮ።»

«የማውቀው መጠኑን ነው። የምመጥነው ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሐኪሟ ያሉኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ፀሐዩም፣ ስለ ናሙናውም። በሕይወቴ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ ሻሿን አስተካከለችና «እኔ አንዴ ሦስት ቀን ትቼው ነበር፤ አቃጠለኝ፣ ከድሮውም በላይ ጠቆርኩ» አለች።

«በአንዴ አትተዪው። ሐኪሟ ጋ ሂጂ፣ እሳቸው ያስተዉሻል።»

«እህትሽ መንገርሽን ታውቃለች?»

«ስትመጣ እነግራታለሁ።»

«ወላሂ ትገድልሻለች» አለች፣ ፈገግ ብላ። የክሊኒኩን አድራሻ ስልኳ ላይ ጻፈች። እቃውን አንስታ ትንሽ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

እህቴ አልገደለችኝም። ስነግራት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደያዘች ተቀምጣ ሰማችኝ፤ ከዚያ «ሌሎቹንስ?» አለች። በግቢያችን የማውቃቸውን ሦስቱን እንደምነግራቸው ገለጽኩላት። «ንገሪያቸዋ» አለች። የቀሩትን ደንበኞች ስልክ ግን አልሰጠችኝም። በሳምንቱ ካርቶኑን ጭና ወደ ጓደኛዋ ቤት ወሰደችው። እዚያ ትቀላቅላለች፤ «በኬሚስት» የሚለውን ግን አጥፍታዋለች። እራት አብረን እንበላለን፣ ስለ ክሬም አናወራም።

ሦስቱን ነገርኳቸው። አንዷ አመሰገነችኝ፣ አንዷ «በእህትሽ ቀንተሽ ነው» አለችኝ፣ አንዷ በሩን ሳትከፍት በመስኮት ሰምታኝ መጋረጃውን ዘጋች።

የታችኛዋ ልጅ ሐኪሟ ጋ ሄደች፤ ማቆምም ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳች። ፊቷ አብጧል፣ ግንባሯ ላይ ሽፍታ ወጥቷል። ዛሬ ኮሌጅ አልሄድኩም አለች።

«ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልፈው?»

«አላውቅም። እኔ ማቆም ከጀመርኩ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ገና አላለፈልኝም።»

«እንዲህ መሆኑን እያወቅሽ ነው የነገርሽኝ?»

«አዎ።»

ሶፋው ላይ ተቀመጠች። በቀዝቃዛ ውሃ የነከርኩት ጨርቅ ሰጠኋት፤ ለራሴም ሌላ ነከርኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ፊቴ ላይ አደረግኩት። ስትሄድ «ነገም እመጣለሁ፤ እናቴ ባየችኝ ቁጥር ታለቅሳለች» አለችኝ። እሺ አልኳት።