ባለ ፏፏቴው ድረ ገጽ

ሰውየው አሶሳ ከገባ ሳምንት ሆኖታል፤ ጫማው ግን የአገሩን ቀይ አፈር ገና አልቀመሰውም። በየደረሰበት ቆሞ በሶፍት ይጠርገዋላ። ሻይ ቤቱ ደጅ፣ ማንጎው ሥር ላፕቶፑን ዘርግቶ፣ ለአንድ ኮሌጅ የሠራውን ድረ ገጽ ላለፈ ላገደመው ያሳያል። ፏፏቴው በቪዲዮ ይወርዳል፣ ፎቶዎቹ ይንሸራተታሉ። ምን ያግዳቸዋል፣ ሁሉም ያለው እዚያው ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ነው።

ለተማርያም አጠገቡ ተቀምጣለች። ሕፃን አዝዬ በፀሐይ ከምንከራተት ብላ፣ ለማታ ትምህርት ለመመዝገብ ያንኑ ገጽ ከጠዋት ጀምራ በስልኳ ትጠብቃለች። ገጹ አልከፈት ብሎ፣ ባዶው ነጭ ላይ ክቧ ብቻ ትዞርባታለች። የኢንተርኔት ጥቅሏም ሊያልቅ ነው።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የስልክሽ ነው። ደህና ስልክ ግዢ» አላት፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ደህና ስልክ ስገዛ ኔትወርኩንም አብረው ይሰጡኛል?»

ይኼኔ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው፣ ከትውልድ መንደሩ ከገነተ ማርያም። ያ ኩሩ ድምፁ ለስልሶ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«ገጼ ዛሬም አልከፈተልሽም እማዬ? ግድ የለም፣ እኔ ልንገርሽ» ብሎ ቀለሙን፣ ፏፏቴውን፣ ታች ጥጉ ላይ የተጻፈውን የራሱን ስም ሳይቀር ተረከላቸው።

ሲጨርስ ለተማርያም፣ «እንግዲያው ለእኔም ንገረኛ። ምዝገባው መቼ ነው የሚያበቃው?» አለችው።

ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያመላልስ ቆየ።

«ጽሑፉን የሚያስገቡት ሌሎች ናቸው» አለ በመጨረሻ። «የእኔ ሥራ ማሳመሩ ነው።»

ለተማርያም አንቀልባዋን አጠበቀችና፣ ኮሌጁ በሩን ሳይዘጋባት በእግሯ ገሰገሰች።